አጸፋው ከመመለሱ በፊት፦ ከአሽቀሎን ለወገኖቼ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በእስራኤል ለምትኖሩ አማርኛ አንባቢ ወገኖቼ፣ በተለይ ልጃችሁን ለጦሩ ለሰጣችሁ እናቶችና አባቶች፤ በክኔሴት (በእስራኤል ፓርላማ) ላላችሁ የኛው ልጆች፤ እንዲሁም አዲስ አበባም ጎንደርም ዋሽንግተንም ሆናችሁ ስለ ጋዛው ጦርነት ሌት ተቀን ለምትከራከሩ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ፣

ነገሩ የጀመረኝ በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ላይ ነው (ዓመትና ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እዚህ ስንኖር የለመድነው እሱን ስለሆነ)። ተኩሱ በ10 ቆመ፣ በ13 ሃማስ እጅ በህይወት የቀሩት 20 ታጋቾች ቤታቸው ገቡ፣ እኛም እልል ብለን አለቀስን። ሳምንት እንኳን በወጉ ሳይሞላው ጋዛ፣ ራፋ ውስጥ ሁለት የኛ ወታደር ተገደለ፣ አየር ሃይላችን ሊመታ ወጣ፣ በ28 ደግሞ እንደገና አንድ ወታደር ተገደለ፣ እንደገና አውሮፕላኑ ወጣ፣ በዛች ሌሊትና በማግስቱ ጋዛ ውስጥ ከ100 ሰው በላይ ሞተ ብሎ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር ተናገረ፣ ከዛ ጠዋት ላይ ተኩስ አቁሙ እንደቀጠለ ነው ተባለ።

በዛች ሌሊት የቤተሰባችን ዋትሳፕ ግሩፕ አልተኛም። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ "ደምስሷቸው፣ እግዚአብሔር ከናንተ ጋር ነው" ብሎ ጻፈ። አሜሪካ ያለችው የወንድሜ ልጅ "እንዴት ሰው ሆናችሁ ይሄን ትደግፋላችሁ" አለችና ከግሩፑ ወጣች። እዚሁ ሰፈራችን ያለችው ጎረቤቴ፣ ልጇ ሦስት ጊዜ ጋዛ ገብቶ የወጣላት፣ "ካልመታናቸው ነገ ተመልሰው ይመጣሉ፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ" ብላ በድምጽ ላከች፣ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ልጄ በዛ ሰዓት የት እንዳለ ሳላውቅ ማማዱ (የቤታችን መጠለያ ክፍል) ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩ አዳመጥኩ፣ መልስ ልጽፍ ብዬ ጀመርኩና ጠዋት ድረስ ሳይቋጭ ቀረ። ይሄ ደብዳቤ ያ መልስ ነው።

ማን እንደሆንኩ ትንሽ ልንገራችሁ። በሜይ 1991 በኦፕሬሽን ሰለሞን ስንመጣ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአውሮፕላኑ ወንበር ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ነው የመጣነው፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው። አሽቀሎን ከገባሁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ እዚህ አዛቃው (የሮኬት ማስጠንቀቂያው) ሲጮህ 30 ሰከንድ ነው ያለን፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በዛ 30 ሰከንድ ውስጥ ነው ማለት እችላለሁ። ትልቁ ልጄ 21 ዓመቱ ነው፣ ወታደር ነው። ስለዚህ እባካችሁ "ሮኬት የማያውቅ ሰው ነው ትዕግስት የሚሰብከው" እንዳትሉኝ።

ማለት የምፈልገው ይሄ ነው። ራስን መከላከልና ደም መመለስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ እኛ ግን አንድ አድርገናቸዋል። ሰው ሊገድልህ ሲመጣ መከላከል ግዴታ ነው፣ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። የገደለ ሰው ከሄደ በኋላ ግን በንዴት የምንሰነዝረው ምት ሌላ ጥያቄ አለበት፣ ምቱ ነገ ማንን ያድናል? ስንት ጊዜ ነው ይሄን የጠየቅነው? "ይገባቸዋል ወይ" ብለን እንጠይቃለን፣ መልሱም ሁልጊዜ "አዎ ይገባቸዋል" ነው፣ በወዲያኛው በኩልም እኮ አንዲት እናት ስለኛ ይሄንኑ ጠይቃ ይሄንኑ መልስ ታገኛለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እዚህ አገር ግን ያልተወጋ የለም።

አያቴን ላንሳላችሁ። ጎንደር፣ ወለቃ አካባቢ ቀጥቃጭ ነበር፣ ማረሻና ማጭድ ይሰራል፣ የአገሩ ሰው ጠመንጃውም ሲበላሽ ወደሱ ነው የሚያመጣው። ታላቅ ወንድሙን በከብት ጠብ አንድ የጎረቤት መንደር ሰው ገደለበት። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ደረት እየመቱ "ወንድ የለም ወይ በዚህ ቤት" እያሉ ሲያለቅሱ አያቴ መሬት መሬት ሲያይ ዋለ ይላል አባቴ። ደም መላሽ መባል ክብር ነው፣ ያልመለሰ ደግሞ ገበያ ላይ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም፣ ይሄን እድሜያችሁ የገፋ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዛ ሽማግሌዎች ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው መጡ። አንድ ጊዜ መለሳቸው። ሁለተኛ መጡ መለሳቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ፈጀ። በመጨረሻ ካሳውን ተቀበለና ታረቀ፣ ለምን ሲሉት "ሰውየው ሰባት ወንድሞች አሉት፣ እሱን ብገድለው ሰባቱ ወደ ልጆቼ ይመጣሉ፣ የሟች ወንድሜ ልጆችም በኔ እጅ ናቸው፣ ማን ያሳድጋቸዋል" አለ። አባቴ ያኔ የ6 ዓመት ልጅ ነበር። አያቴ የዛን ጊዜ ጠመንጃውን አንስቶ ቢሆን ኖሮ እኔ የለሁም ማለት ነው። ፈሪም አልነበረም፣ ጅብ በማጭድ የገደለ ሰው ነው።

ፍልስጤማውያንም ይሄው ባህል አላቸው፣ ሱልሃ ይሉታል። ደም ሲፈስ ሽማግሌ መሃል ይገባል፣ መጀመሪያ ሁድና ይባላል፣ ማለትም እጅ የሚሰበሰብበት ጊዜ ይሰጣል፣ ከዛ ካሳ፣ ከዛ መጨባበጥ፣ ከዛ አብሮ ምግብ መብላት። እኛና እነሱ ደም እንዴት እንደሚቆም ከአያቶቻችን የተማርን ሰዎች ነን፣ ይሄን ሳስበው በጣም ነው የማዝነው።

"ይሄ የመንደር ነገር ነው፣ መንግስትና መንግስት እንደዛ አይሰራም" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እሺ፣ መንግስት እንይ።

ጃንዋሪ 1991። እኛ ያኔ ገና አዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ ተጠልለን ወረፋ የምንጠብቅ ነበርን። ሳዳም ሁሴን ቴል አቪቭና ሃይፋ ላይ ስከድ ሚሳኤል መተኮስ ጀመረ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ 40 የሚጠጋ። ሰው መርዝ ጋዝ ይመጣል ብሎ በሩን በፕላስተር አሽጎ ጭምብል አድርጎ ነው የሚያድረው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይስሃቅ ሻሚር ነበር፣ ሻሚር ማለት ደግሞ ለስላሳ ሰው አልነበረም፣ በወጣትነቱ እንግሊዞችን በመሳሪያ ሲዋጋ የኖረ፣ መሬት አልሰጥም የሚል ቀኝ ክንፍ ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሞሼ አሬንስ ምዕራብ ኢራቅ ገብተን እንምታ ይል ነበር፣ አብራሪዎቹ ተዘጋጅተው ቁጭ ብለዋል፣ ህዝቡም ተቃጥሏል። ሻሚር ግን እጁን ሰበሰበ። ለምን? ሳዳም የሚፈልገው እስራኤል እንድትገባ ስለነበረ ነው። እስራኤል ከገባች ግብጽ፣ ሶሪያና ሳዑዲ ከአሜሪካ ጋር ቆመው መዋጋት ይከብዳቸዋል፣ ያ ሁሉ ህብረት ይፈርሳል። ፕሬዚዳንት ቡሽም ለምኗል፣ ፓትሪዮት ጸረ-ሚሳኤል ልኳል፣ ግፊትም ነበረ፣ አልክድም። ግን ውሳኔው የሻሚር ነበር፣ ጠላቱ የሚፈልገውን አልሰጠውም።

ምን ሆነ ታዲያ? እስራኤል ፈሪ ተባለች? ሳዳም ከኩዌት ተባረረ፣ በዛው ዓመት ኦክቶበር ላይ የማድሪድ የሰላም ኮንፈረንስ ተጠራ፣ ከእስራኤል ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አንቀመጥም ሲሉ የኖሩ የአረብ መንግስታት ተቀመጡ። ስከዱ ካቆመ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ያው ሻሚር፣ ያው ቡሽ እጁን አስገብቶበት፣ እኛን በ36 ሰዓት አወጡን። አንዱ ሌላውን አመጣ አልልም፣ ያንን ማረጋገጥ አልችልም። ግን እኔን ከአዲስ አበባ ያወጣኝ መንግስት ከሦስት ወር በፊት ሚሳኤል እየወረደበት እጁን የሰበሰበ መንግስት ነው፣ ይሄን ልጆቼ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። መርካዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች ማረፊያ) ውስጥ የጋዝ ጭምብሉን ካርቶን ሲሰጡን ለምን እንደሆነ አልገባንም ነበር፣ እናቴ የምግብ እቃ መስሏት ጎመን ዘር አስቀመጠችበት።

ዕብራይስጥ ለዚህ ነገር ሁለት ቃል አለው፣ ሃቭላጋና ታግሙል። ሃቭላጋ ማለት ራስን መግታት ነው፣ ከ1936 ጀምሮ የአረቦቹ አመጽ ጊዜ ሃጋና የሚባለው የአይሁድ መከላከያ ድርጅት የተከተለው መንገድ ስሙ ይሄ ነበር። ታግሙል አጸፋ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዋትሳፕ ላይ የምንጨቃጨቅበት ክርክር አዲስ አይደለም፣ ከእስራኤል መንግስት ምስረታ በፊት የነበረ ነው። በ1953 ኦክቶበር ዬሁድ የሚባል ቦታ ከድንበር ማዶ የመጡ ሰዎች ቤት ውስጥ ቦምብ ወርውረው አንዲት እናትና ሁለት ልጆቿን ገደሉ። በሁለተኛው ቀን ሌሊት አሪኤል ሻሮን የሚመራው ዩኒት 101 ቂብያ የምትባል የዮርዳኖስ ስር የነበረች መንደር ገባ፣ ቤቶቹን በፈንጂ አፈረሰ፣ 69 ሰው ሞተ፣ አብዛኛው ሴትና ህጻን። ሞሼ ሻሬት የሚባለው ሚኒስትር፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፣ ተቃውሞ ነበር፣ አልሰሙትም። ቤን ጉሪዮን ሬዲዮ ላይ ወጥቶ ወታደር አልሰራውም አለ፣ ያ እውነት አልነበረም። የተባበሩት መንግስታት የጸጥታው ምክር ቤት አወገዘ። የዬሁድ እናት ገዳዮች ግን በቂብያ ሟቾች ውስጥ ነበሩ ያለ ማንም የለም።

በፌብሩዋሪ 1955 ደግሞ ጋዛ ውስጥ የግብጽ ጦር ሰፈር ተመታ፣ ወደ 40 የሚጠጉ ግብጻውያን ሞቱ፣ ከኛ 8 ወታደር። ጋማል አብደል ናስር ከዛ በኋላ ከሶቪየት ወገን መሳሪያ ፍለጋ ሄደ፣ በሴፕቴምበር የቼኮዝሎቫኪያ ስምምነት ተባለና አገሩ በታንክና በጄት አውሮፕላን ተሞላ፣ በዓመቱ ጦርነት ሆነ። አንድ ሌሊት የተሰራ "ትምህርት እንስጣቸው" ስንት ነገር ይዞ እንደመጣ አያችሁ?

የሚገርመኝ ግን ያው ሻሮን ነው። በጁን 2001 እሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ቴል አቪቭ ዶልፊናሪየም በር ላይ ራሱን ያፈነዳ ሰው 21 ሰው ገደለ፣ አብዛኞቹ ከሩሲያ አገር የመጡ የአዲስ ገቢ ልጆች፣ ለዳንስ የተሰለፉ ልጆች። ህዝቡ በቀል ብሎ ሲጮህ ሻሮን ወዲያው አልመታም። ራስን መግታትም ሃይል ነው ብሎ ተናገረ። የቂብያው ሻሮን! በ48 ዓመት ውስጥ ምን እንዳየ እሱ ነው የሚያውቀው፣ ግን ያንን ቃል ከማንም ሰላም ወዳድ ሰው አፍ ይልቅ ከሱ አፍ ስሰማው የበለጠ አምነዋለሁ።

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። የሻሮን ትዕግስት አልዘለቀም፣ ፍንዳታውም አልቆመም። በማርች 2002 በፋሲካ ሴዴር ማታ ነታኒያ ፓርክ ሆቴል ውስጥ 30 ሰው አለቀ፣ ጦሩ ምዕራብ ዳርቻ ከተሞች ገባ፣ በኋላም አጥሩ ተሰራ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት በጣም ቀነሰ። ስለዚህ መሳሪያ በፍጹም አይሰራም የሚል ሰው እኔ አይደለሁም። ፈንጂ የሚሰራውን ቤት ማግኘት፣ ተሸክሞ የሚመጣውን መንገድ ላይ ማስቆም፣ ይሄ መከላከል ነው። እኔ የምቃወመው ሌላ ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ "መልስ ሰጠን" ለማለት የሚደረገውን ነው።

ሁለት አርባ ልንገራችሁ። አርባ ምን ማለት እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ በኢትዮጵያ ያደገ ሁሉ የሟች አርባ ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ ሙስሊሙም በብዙ አገር ያወጣዋል። በፌብሩዋሪ 1994 አንድ አይሁዳዊ ሰፋሪ ኬብሮን በአባቶች መቃብር ሙስሊሞች ሲሰግዱ ገብቶ 29 ሰው ገደለ። አርባቸው ሲወጣ፣ ኤፕሪል 6፣ ሃማስ አፉላ ላይ አውቶቡስ አጠገብ መኪና አፈነዳ፣ 8 ሰው ሞተ። ሁለተኛው፣ በጃንዋሪ 1996 መጀመሪያ የሃማሱ ፈንጂ ሰሪ ያህያ አያሽ ጋዛ ውስጥ በተጠመደ ስልክ ተገደለ። የብዙ ሰው ደም ያለበት ሰው ነው፣ አላለቅስለትም። ግን ከመገደሉ በፊት ለወራት ትልቅ ፍንዳታ አልነበረም። አርባው እንዳለፈ፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ያው የ18 ቁጥር አውቶቡስ ሁለት ጊዜ፣ አሽቀሎንም የኛው ከተማ፣ ቴል አቪቭ ዲዘንጎፍም፣ ወደ 60 ሰው አለቀ። ሺሞን ፔሬስ ምርጫውን በአንድ ፐርሰንት ባልሞላ ልዩነት ተሸነፈ፣ የኦስሎ የሰላም ስምምነት ነገርም ከዛ በኋላ ቀና አላለም። አያሽ ይገባው ነበር? አዎ። ነገ ማንን አዳነ ለሚለው ግን መልሱ ምንድነው? እኔ በ1996 የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አውቶቡስ ስሳፈር የሰው ሆድ ሆዱን እያየሁ ነበር የምቀመጠው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፣ ሃማስ ድንበር ጥሶ ወደገባበት ኦክቶበር 7፣ 2023። ጎረቤቴ "የታገስነው ነው ያንን ቀን ያመጣብን" ትለኛለች፣ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፣ ስሜቱም ይገባኛል። ያን ቀን ወደ 1,200 ሰው ተገደለ፣ 251 ሰው ታግቶ ተወሰደ፣ እኛ ማማድ ውስጥ ሆነን የምናውቃቸው ሰዎች ስልክ ሲዘጋ ነው የዋልነው። ግን እህቴ፣ ከዛ በፊት የነበረው ትዕግስት አልነበረም። በ2008 መጨረሻ፣ በ2012፣ በ2014፣ በ2021 ጋዛን መታናት፣ በ2014ቱ ብቻ 50 ቀን፣ ከነሱ ከ2,100 በላይ ከኛ ከ70 በላይ ሰው ሞተ። በየመሃሉ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የካታር ዶላር በሻንጣ ይገባ ነበር፣ ጸጥታ ይግዛልን ተብሎ። የጋዛ ድንበር አጥሩ ከ3 ቢሊዮን ሼቄል በላይ ወጥቶበት በ2021 አለቀ ተባለ። ጋዛ ድንበር ናሃል ኦዝ የጦር ሰፈር ላይ ስክሪን የሚጠብቁ የ19 ዓመት ሴት ልጆች፣ ታጽፒታኒዮቱ፣ አንድ ነገር እየተዘጋጀ ነው ብለው ሲናገሩ የሰማቸው አልነበረም። ይሄ መርሳት ነው፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ እየመቱ በመሃል መርሳት። ሻሚር ያደረገው ሌላ ነው፣ እሱ እጁን ሲሰበስብ አይኑ ተከፍቶ ነበር፣ በዛ ጊዜ ውስጥም የፖለቲካ በር ተከፈተ። በር ሳይከፈት እጅ መሰብሰብ ብቻውን የትም አያደርስም፣ በዚህ ላይ ከጎረቤቴ ጋር እስማማለሁ።

ከኦክቶበር 7 በኋላ ጦርነት መግባታችን ራሱ ሊቀር ይችል ነበር አልልም። ገዳይ ድንበር ጥሶ ኪቡጽ (የገበሬ መንደር) ውስጥ ገብቶ መግታት ማለት ምን ማለት ነው፣ ሞኝ አይደለሁም። ጆ ባይደን በ11ኛው ቀን ቴል አቪቭ መጥቶ ንዴቱ ይገባኛል፣ ግን አይብላችሁ፣ እኛም ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ተናደን ስህተት ሰርተናል ብሎ ነበር። ያ ንግግር ሲተላለፍ እኔ ጋ የነበሩ ሰዎች ቻናሉን ቀየሩት። ጦርነቱ ሁለት ዓመት ፈጀ። የጋዛ ጤና ሚኒስቴር በኦክቶበር 2025 ተኩስ ሲቆም የቆጠረው ከ67 ሺህ በላይ ሰው ነው። ታጣቂውን ከሲቪሉ አይለይም ትሉኛላችሁ፣ አዎ አይለይም፣ ህጻናቱን ግን እድሜያቸው ይለያቸዋል፣ በሺዎች ናቸው። ከኛ ከ900 በላይ ወታደር ተቀበረ፣ አንዳንዶቹን እናቶቻቸውን አውቃቸዋለሁ፣ ቀብራቸው ላይ የአማርኛ ሙሾ ሰምቻለሁ።

ታጋቾቹን ማን አመጣቸው? ይሄን ቁጥር እባካችሁ ያዙት። በወታደር ዘመቻ በህይወት የወጡት 8 ናቸው። በስምምነት፣ ተኩስ ቆሞ፣ በህይወት የወጡት ከ150 በላይ ናቸው። በዲሴምበር 2023 ሦስት ታጋች ወጣቶች ነጭ ጨርቅ ይዘው ጋዛ፣ ሸጃኢያ ውስጥ ወደኛ ወታደሮች ሲወጡ በስህተት በጥይት ተመቱ፣ በኦገስት 2024 ስድስቱ ዋሻ ውስጥ ጦሩ ሲቀርብ በአጋቾቻቸው ተረሸኑ። የአሽቀሎኑ ልጅ አቨራ መንግስቱ ደግሞ በሴፕቴምበር 2014 አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ ገብቶ ከ10 ዓመት በላይ ሃማስ እጅ ቆየ። በ10 ዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ጋዛ ተደበደበች፣ አንዱም ድብደባ አላመጣውም። በፌብሩዋሪ 2025 ተኩስ ቆሞ በስምምነት ወጣ። ያን ቀን ሰፈራችን ውስጥ የነበረውን እልልታ የሰማ ሰው ስለ ድርድር "ውርደት ነው" ብሎ ሊያወራኝ አይችልም። አውቃለሁ፣ በ2011 ሃማስ አግቶት ለነበረው ወታደር ለጊላድ ሻሊት የተለቀቁት 1,027 እስረኞች ውስጥ በኋላ ኦክቶበር 7ን ያቀደው የሃማሱ ያህያ ሲንዋር ነበረበት፣ ይሄ ሃቅ ነው፣ ያማል። ዋጋ የሌለው መንገድ የለም፣ እኔ የምለው ግን የቦምቡንም ዋጋ አብረን እንቁጠር ነው።

ለፍልስጤም ለምትቆረቆሩ ወገኖቼም፣ በተለይ ሙስሊም ወንድም እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልበል። ያው ጥያቄ ለናንተም ነው። በዲሴምበር 1987 ከጋዛዋ ጃባሊያ የተነሳው የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን አመጽ) ድንጋይና የሱቅ መዝጋት ነበር በአብዛኛው፣ ዓለምን ያናወጠው እሱ ነው፣ ማድሪድና ኦስሎ ድረስ ያደረሳቸው እሱ ነው። ሁለተኛው የአጥፍቶ ጠፊ ሆነ፣ ከኛ ወደ 1,000 ከነሱ ከ3,000 በላይ ሰው በልቶ አጥር ተከለላቸው። በኋላ የፍልስጤም ፕሬዚዳንት የሆነው ማህሙድ አባስ ራሱ በዛን ጊዜ ኢንቲፋዳውን መሳሪያ ማስታጠቅ ስህተት ነው ብሏል። ኦክቶበር 7ን "ተቃውሞ ነው፣ ይገባቸዋል" ብላችሁ ስትጽፉ፣ በማርች 2025 ጋዛ፣ ቤይት ላህያ ውስጥ ፍርስራሽ መሃል ወጥተው መኖር እንፈልጋለን ብለው ሃማስን የተቃወሙትን ሰዎች አስቧቸው። በእናንተ ፖስት የሚሞቱት እነሱ ናቸው።

ለክርስቲያኖቹም፣ የአክስቴ ልጅ ሆይ ላንተም። እስራኤልን ስለምትወዱ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ይሄ የኳስ ቲፎዞ አይደለም። "ደምስሱ" ብለህ ስትጽፍ የሚደመስሰው ልጄ ነው፣ ማታ ማታ እንቅልፍ አጥቶ ጣሪያ የሚያየውም ልጄ ነው። አንተ ስልክህን ዘግተህ ትተኛለህ። በ2024 መጸው ቤይሩት ስትደበደብ ሰው ቤት የሚሰሩ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን አሰሪዎቻቸው ጥለዋቸው ሸሽተው ባህር ዳር አስፋልት ላይ አድረዋል። አጸፋ ሲመለስ የሚወድቅበትን ሰው መርጦ አይወድቅም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በክኔሴት ያላችሁ የኛ ልጆች፣ አንድ ጥሰት በተፈጠረ ቁጥር ካቢኔው አውሮፕላን ሲልክ ሦስት ነገር በግልጽ እንዲነገረን ጠይቁልን፣ የተመታው ማን ነበር፣ ምን ሊያደርግ ሲል ነበር፣ ከምቱ በኋላ ታቅዶ የነበረው የፖለቲካ እርምጃ ምንድነው። ወታደራዊ ምስጢር አውጡ አላልኩም፣ ኮሚቴ ውስጥ በዝግ በርም ይጠየቅ። የገደለ ይያዝ፣ የሚዘጋጅ ይመታ፣ ካልሆነ ግን አንድ ሌሊት ይታደር። ሻሚር ስድስት ሳምንት አድሯል።

ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችንን ደግሞ እለምናለሁ። በስግድ በዓላችን ቀን ኢየሩሳሌም ላይ ጥላ ይዛችሁ ስትቆሙ አገሩ በሙሉ ያያችኋል፣ ሚኒስትሮቹም ይመጣሉ። የኛ ሽማግሌ ደም እንዴት እንደሚደርቅ ያውቃል፣ ይሄን እውቀት ከጎንደር ይዛችሁ መጥታችሁ እዚህ ለትዳር ጠብ ብቻ ነው የምትጠቀሙበት። ሰው ካሰባሰባችሁ፣ ልጃቸውን ያጡ እስራኤላውያንና ፍልስጤማውያን ወላጆች አብረው የሚቀመጡበት የወላጆች ክበብ የሚባል ማህበር ከ1995 ጀምሮ አለ፣ ልጅ ቀብሮ አጸፋውን የተወ ሰው ምን እንደሚል ከነሱ እንስማ። ልጃቸውን ያጡ የኛ እናቶችም ከፈለጉ ብቻ ይምጡ፣ ማንም አያስገድዳቸው፣ ሃዘናቸው የራሳቸው ነው።

ይሄን ደብዳቤ ሴት ልጄ ወደ ዕብራይስጥ እየገለበጠችልኝ ነው፣ ለክኔሴት የውጭ ጉዳይና የመከላከያ ኮሚቴ እልከዋለሁ። ስማችሁ እንዲጨመር የምትፈልጉ ንገሩኝ፣ የማትስማሙም ጻፉልኝ፣ ስድብ ካልሆነ ሁሉንም አነባለሁ። ጎረቤቴ ትናንት ማታ ረቂቁን አነበበችው። ግማሹን አልተስማማችም፣ ስለ ካታር ገንዘቡ ያለውን ደግሞ ይበልጥ አጠንክሪው አለችኝ። ከዛ ልጇ እሁድ ለአራተኛ ጊዜ ሚሉኢም (ተጠባባቂ ጦር) እንደተጠራ ነገረችኝና ሁለታችንም ቡናውን ሳንጨርሰው ቀረን።

ከአሽቀሎን
የአንድ ወታደር እናት